ከጎረቤት መስኮት ለመከለል ቀርከሃ ልትከል? (ፌርፋክስ፣ ቨርጂኒያ)

የጓሮ አበባ፦

ሰላም ወገኖች። ስለ አትክልት የምታውቁ እባካችሁ ምከሩኝ።

የምንኖረው ፌርፋክስ ካውንቲ ነው። ከኋላችን ያለው ቤት ተሸጠና አዲሶቹ ባለቤቶች ፎቅ ጨመሩበት። አሁን መስኮታቸው ቀጥታ የኛን ዴክ (ከቤቱ ኋላ ያለውን የእንጨት ሰገነት) ነው የሚያየው። ክፉ ሰዎች አይደሉም፣ ሰላምታ እንለዋወጣለን። ግን አማቼ እሁድ እሁድ እዚያ ነው ቡና የምታፈላው፣ እና ከላይ ሰው እያየ መቀመጥ አልተመቻትም። ለኔም አልተመቸኝም። አጥሩን ከፍ እንዳናደርገው ደግሞ የሚፈቀደው ቁመት የተወሰነ ነው።

በቀደም አንድ ሰው ኢንተርኔት ላይ «ቆፍሮ ለሚወስድ በነፃ» ብሎ ቀርከሃ ለጥፎ አየሁ። ሄጄ አየሁት፣ በጣም ነው ያማረኝ። አገዳው አረንጓዴ ሆኖ ከአንጓ እስከ አንጓ ቢጫ መስመር አለው። ከሰውየው ቤት ጣሪያ ይበልጣል። በበረዶም ጊዜ ቅጠሉ አይረግፍም አለኝ። ባለቤቴ ግን «ይሄ ነገር መሬት ውስጥ ለውስጥ ይሮጣል ይላሉ፣ ተይው» ብሎኛል።

ቦታዬ ከኋላ አጥሩ ሥር ነው። ርዝመቱ 9 ሜትር፣ ስፋቱ አንድ ሜትር ከምናምን። ይሄ ዓይነት ምን ይባላል? እውነት ያን ያህል ያስፈራል ወይስ ሰው አጋኖት ነው? ብተክለው በምን አግደዋለሁ? በሱ ፈንታ ሌላ ነገር ካላችሁም ንገሩኝ፣ ግን አጋዘን የሚበላው ነገር አትበሉኝ። እዚህ ሰፈር አጋዘኖቹ ምንም አያስተርፉም።

ቨርጂኒያዊ፦

አትትከዪው። ባለቤትሽ ልክ ነው።

መጀመሪያ ሕጉን እወቂ። ፌርፋክስ ካውንቲ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ የሚሠራ የቀርከሃ ደንብ አለው። ግቢሽ ውስጥ መትከል አልተከለከለም። ነገር ግን ከግቢሽ አልፎ ጎረቤት ወይም የሕዝብ መንገድ ላይ ከገባ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ። ጎረቤት ካመለከተ ካውንቲው መጥቶ ያያል። ቅጣቱ መጀመሪያ 50 ዶላር ነው፣ ከተደጋገመ 200 ዶላር፣ በ12 ወር ውስጥ እስከ 3,000 ዶላር ሊደርስ ይችላል። ቅጣቱ እንኳን ቀላሉ ነው፣ ከባዱ ማስነቀሉ ነው። የሰው ሣር ውስጥ ገብቶ፣ የሰው መናፈሻ ሥር ገብቶ፣ አንዳንዴ የእግረኛ መንገድ አስፋልት ሰንጥቆ ከወጣ በኋላ ማሽን አስገብተሽ በራስሽ ወጪ ማስቆፈር ነው።

እኛ ቤት ችግሩ የመጣው ከጎረቤት ነው። የተከሉት ሰዎች ቤቱን ሸጠው ከሄዱ ቆይተዋል፣ አሁን ያሉት ደግሞ ምንም አያውቁም። በየኤፕሪሉ ቡቃያው የልጆቹ መጫወቻ መሀል ይወጣል። ከሰዎቹ ጋር ተግባብተን እንቆርጣለን፣ ግን ማንም ሰው በዚህ ጉዳይ ጎረቤቱን እንዲያስቀይም አልመክርም። አንቺ ደግሞ ከጎረቤቶችሽ ጋር ገና እየተዋወቃችሁ ነው።

አካፋና ዶማ፦

እህቴ፣ ሥራዬ የግቢ አትክልት ነው። በሜሪላንድም በቨርጂኒያም ቀርከሃ ተክለናል፣ ከተከልነው ይልቅ የነቀልነው ይበልጣል። ስለዚህ ትንሽ ልዘርዝርልሽ።

ያየሽው በገለጽሽው መሠረት ፊሎስታኪስ ኦሬኦሱልካታ ነው፣ ባለ ቢጫ ቦይ ቀርከሃ። መሠረቱ ቻይና ነው፣ ዜጂያንግ ግዛት። ለማረጋገጥ ሁለት ነገር እይ። በየአንጓው የሚወጡት ዋና ቅርንጫፎች ሁለት ናቸው፣ ቢጫው ቦይ ደግሞ በቅርንጫፎቹ በኩል ባለው ጎን ላይ ነው የሚሄደው። ሌላው ምልክት፣ ከአገዳዎቹ አንዳንዶቹ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብለው ዚግዛግ ይሠራሉ። ብዙ ቦታ የምታዪው ከዚህ አገር ብርድ ጋር ስለሚስማማ ነው፣ ከዜሮ በታች 23 ዲግሪ ድረስ ይችላል። ዋሽንግተን ብሔራዊ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ ላሉት ፓንዳዎች ከሚቀርቡት የቀርከሃ ዓይነቶችም አንዱ ይሄ ነው። «ወርቃማው» ከሚሉት ከፊሎስታኪስ ኦሬአ ጋር ሰው ያምታታዋል። ወርቃማው በ1882 አላባማ የገባው ነው፣ እሱን የምትለዪው ከታች ያሉት አንጓዎቹ ተጠጋግተውና ተጨማደው ስለሚታዩ ነው። ሁለቱም ይሮጣሉ። ማሰሮው ላይ ፊሎስታኪስ የሚል ስም ካየሽ፣ ሻጩ ምንም ቢልሽ፣ ይሮጣል። ጥቁሩ ቀርከሃም እዚሁ ውስጥ ነው።

አሁን አሯሯጡን ላስረዳሽ፣ ምክንያቱም ሰው የሚሸነፈው አሠራሩን ስለማያውቅ ነው። ከመሬት በታች አግድም የሚሄድ ግንድ አለው። ጫፉ እንደ ወስፌ የሾለ ነው። ጥልቅ አይሄድም፣ አብዛኛው በላይኛው 30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ነው። የተመቸው መሬት ላይ በዓመት እስከ 4 ሜትር ተኩል ሊሄድ ይችላል። ቡቃያው የሚወጣው እዚህ አካባቢ ኤፕሪልና ሜይ ላይ ነው። አንዱ አገዳ በሁለት ወር ገደማ ሙሉ ቁመቱን ይጨርስና ከዚያ ወዲያ አይረዝምም፣ አይወፍርምም። የመሬት ውስጡ ግንድ ግን ከዚያ በኋላ ነው ሥራውን የሚጀምረው፣ በበጋው መጨረሻና በመከር። ሰው ሜይ ላይ ቡቃያውን ቆራርጦ «ጨረስኩ» ይላል፣ እሱ ግን ኦገስት ላይ አጥሩን ያልፋል።

በተጨማሪም መጀመሪያ ዓመትና ሁለተኛ ዓመት ምንም የሚያደርግ አይመስልም። ይሄ ነው የሚያዘናጋው። ሥሩን እያደላደለ ነው። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የሚወጣው አገዳ ካለፈው የወፈረና የረዘመ ይሆናል።

ልትከለው ካልሽ መከለያው የግድ ነው። መደብር ውስጥ የሚሸጠው ጥቁር የአረም ጨርቅ አይሠራም፣ በስቶት ያልፋል። ሲሚንቶ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁን ያገኘዋል። የሚሠራው ኤችዲፒኢ የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፣ ውፍረቱ ቢያንስ 1.5 ሚሊ ሜትር፣ ወርዱ 75 ሴንቲ ሜትር። ሲቀበር 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከመሬት በላይ ይቅር፣ ላይኛው ጫፉ ወደ ውጭ ትንሽ ያዘንብል። ያኔ ሥሩ ሲጋጨው ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ ይመጣል፣ ከላይ ዘሎ ሊያልፍ ሲል ታዪዋለሽ፣ ትቆርጪዋለሽ። ከላይ ሙሉ በሙሉ በሙልች (አፈር ላይ በሚበተን የእንጨት ፍቅፋቂ) ከሸፈንሽው ግን ዘሎ ሲያልፍ አታዪውም። ሁለቱ ጫፎች የሚገናኙበት ቦታ በደንብ ተደራርቦ በብረት መቆንጠጫ መያያዝ አለበት። ያየኋቸው አብዛኞቹ ያመለጡት በመጋጠሚያው በኩል ነው።

መከለያ ቀበርኩ ብሎ መርሳት ደግሞ የለም። በዓመት ሁለቴ መዞር አለብሽ፣ በተለይ ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ላይ።

በ9 ሜትር በ1 ሜትር መደብ ዙሪያውን 20 ሜትር ያህል ፕላስቲክ ነው። ግዢ ከ21 በታች አታድርጊ፣ መደራረቢያ ያስፈልጋል።

ሲያትል ዝናቡ፦

ሰው ሁሉ ቀርከሃን እንደ ጠላት ሲያወራ ይከፋኛል። የገዛነው ቤት ጓሮ ውስጥ ይሄው ባለ ቢጫ ቦይ ዘሩ ነበር፣ ተክሉ ከኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ናቸው። እኔ መከለያ ፕላስቲክ የለኝም። ዙሪያውን ወርዱ አንድ አካፋ የሚሆን፣ ጥልቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክፍት ቦይ ነው የቆፈርኩት። ሥሩ ሲወጣ ቦዩ ውስጥ አየር ላይ ይንጠለጠላል፣ በመቀስ ቀጭ ነው። የቦዩን አፈር አልሞላውም፣ የወደቀ ቅጠል ብቻ እጠርጋለሁ። ይሄ ዘዴ ጉልበት ይጠይቃል ግን ዓይንሽ ያየዋል፣ የተደበቀ ነገር የለም።

ግቢዬ ውስጥ ካለው ሁሉ የምወደው እሱን ነው። ነፋስ ሲነካው ያለው ድምፅ ሌላ ነው። ዝናብ ሲመታው ደግሞ ቤት ውስጥ ሆኜ እሰማዋለሁ። የመንገዱን ጫጫታ ያስረሳል። በረዶ ከባድ ሲሆን አገዳዎቹ መሬት እስኪነኩ ይጎነበሳሉ፣ ወጥቼ በመጥረጊያ እንጨት ቀስ ብዬ ሳራግፋቸው ቀና ይላሉ።

አንድ የማልደብቅሽ ነገር፣ ጥቅጥቅ ሲል ወፎች ማታ ማታ ተሰብስበው ያድሩበታል። ኩሳቸው ሲጠራቀም ለሳንባ ጥሩ አይደለም። ስለዚህ ከመሀሉ አገዳ እየቀነስሽ አሳሺው፣ ብርሃን እንዲገባው አድርጊ።

ሰነፍ ሰው ይሄን ተክል አይትከለው። የምትንከባከቢው ከሆነ ግን ሰው ስለፈራ ብቻ አትተዪው።

ቨርጂኒያዊ፦

ሲያትል፣ አንተ እየተንከባከብከው ነው፣ ደስ ይላል። ነገ ቤቱን ስትሸጠውስ? የሚገዛህ ሰው ቦዩን በአፈር ሞልቶ ሣር ቢዘራበትስ? ሕግ የመጣው በዚህ ምክንያት እኮ ነው። ኮነቲከት በ2013 ሕግ ስታወጣ ተክሉን የሚሸጠው ነጋዴ ለገዢው ስለ ተክሉ ባህሪ እንዲያሳውቅ አስገድዳለች። ኒውዮርክ ደግሞ ይሄንንም ወርቃማውንም ጭራሽ እንዳይሸጡ ከልክላለች።

የእንጅባራ ልጅ፦

ሰላም ልጆች፣ እኔ ዕድሜዬ የገፋ ሰው ነኝ። ያደግኩት አዊ ነው፣ ቀርከሃ በሞላበት አገር። የቤታችን አጥር ቀርከሃ፣ ጎተራው ቀርከሃ፣ ወንበሩ ቀርከሃ። እንጅባራ ላይ መንገድ ዳር ወንበርና አልጋ ተደርድሮ ሲሸጥ በባሕር ዳር መንገድ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። ሲዳማም፣ ዶርዜም እንደዚያው ነው። የዶርዜ ቤት እኮ ከላይ እስከ ታች የቀርከሃ ሽመና ነው።

የናንተን ጭቅጭቅ ሳነብ አንድ ነገር ታየኝ። እኛ ጋ «ቀርከሃ ወረረን» የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። በእርግጥ የደጋው ቀርከሃችን ሌላ ዘር ነው፣ ከ2,200 ሜትር በላይ የሚበቅል፣ አበቃቀሉም ከዚህኛው ይለያል። ነገር ግን ትልቁ ምክንያት እንቆርጠዋለን። ዝም ብለን ግን አንቆርጥም። ሦስት ዓመት ያልሞላው አገዳ ለቤት ሥራ አይሆንም፣ ውስጡ ውሃ ነው፣ ቶሎ ይነቅዛል። የበሰለው ነው የሚመረጠው። እናንተም ከተከላችሁ በየዓመቱ ያረጀውን እየመረጣችሁ ከሥሩ ቁረጡ። ለቲማቲም ድጋፍ፣ ለአደንጓሬ መውጫ፣ ለዶሮ አጥር ይሆናል። የዘንድሮውንና የአምናውን ተዉት።

ልጄ ጓሮ አበባ፣ ኤፕሪል ላይ የሚወጣው ቡቃያ ደግሞ ይበላል። ሩቅ ምሥራቅ ያሉት ሰዎች እንደሚያደርጉት ልጠሽ፣ ውሃ ውስጥ በደንብ ቀቅለሽ፣ ውሃውን ደፍተሽ ነው። እኔ ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር ጠበስ አደርገዋለሁ፣ ለጾም ጥሩ ነው። መድኃኒት የተረጨበት ግቢ ያለውን ግን እንዳትነኪው።

ዘሩን ከአገር ቤት ላስመጣ የሚል ሰው ደግሞ ይኖራል። አይድከም። የኛ ደጋ ቀርከሃ የቨርጂኒያን ጁላይም ጃንዋሪም አይወድም።

የጓሮ አበባ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አባቴ፣ ስለ ቡቃያው አላውቅም ነበር፣ እግዜር ይስጥልኝ።

አካፋና ዶማ፣ አንተ ያልከውን ለማድረግ ወስኜ ነበር። ከመቆፈር በፊት ግን መሬት ውስጥ ያለውን መስመር ለሚያመለክቱት ሰዎች በ811 ደወልኩ፣ ሰዎቹ መጥተው ምልክት አደረጉ። ከኋላ አጥሩ ሥር ቀይና ብርቱካናማ ቀለም ቀቡ። ቀዩ ኤሌክትሪክ፣ ብርቱካናማው የኬብልና የስልክ ነው አሉኝ። ያሰብኩት መደብ መሀሉን ነው የሚያልፈው። አሁን ምን ላድርግ? ሌላው ጥያቄዬ፣ የማይሮጥ ዓይነት አለ ይላሉ፣ ፋርጌዚያ የሚባል፣ እሱስ?

አካፋና ዶማ፦

ጎበዝ፣ 811 መደወልሽ ጥሩ ነው። እዚያ ቦታ 75 ሴንቲ ሜትር መቆፈር ተዪው። ብትተክዪም እንኳ የመብራት ኩባንያው መስመሩን ለመጠገን ሲመጣ ቆፍሮት ይሄዳል፣ መብቱም አለው።

ግን እስቲ አስቢው፣ ለምንድነው አጥሩ ሥር የምትተክዪው? አንቺ የምትፈልጊው ዴኩ ላይ የተቀመጠው ሰው እንዳይታይ ነው። መጋረጃው ለዓይንሽ በቀረበ ቁጥር ትንሽ ቁመት ይበቃዋል። አጥሩ ጋ ከሆነ ፎቁን ለመከለል 8 ሜትር ትፈልጊያለሽ። ዴኩ ጠርዝ ላይ ከሆነ ግን ተቀምጠሽ እስከሆነ ድረስ ሦስት ሜትር ምናምን ይበቃል።

ስለዚህ የኔ ምክር ይሄ ነው። ለከብት ውሃ ማጠጫ የሚሸጡትን ዚንክ የተቀባ የብረት ገንዳ ግዢ፣ ሞላላዎቹን፣ ቁመታቸው 60 ሴንቲ ሜትር የሆኑትን። ሁለት ወይም ሦስት ከዴኩ ፊት ለፊት መሬት ላይ ደርድሪ። ዴኩ ላይ ራሱ አታስቀምጪ፣ አፈሩ ውሃ ሲጠጣ ክብደቱ አይቻልም። የገንዳዎቹን ታች ብዙ ቦታ ብሺ፣ ከዚያ በሸክላ ጡብ ላይ ከመሬት ከፍ አድርጊያቸው። ከፍ ማድረጉ ዋናው ነው፣ መሬት ላይ ከተቀመጠ ሥሩ በቀዳዳው ወጥቶ አፈር ውስጥ ይገባል፣ ያኔ ገንዳው ምንም አልጠቀመም። በመከር አንዴ ጎንበስ ብለሽ ከሥሩ እዪ፣ የወጣ ካለ ቁረጪ።

ባለ ቢጫ ቦዩ ገንዳ ውስጥ መሬት ላይ ያለውን ያህል አይረዝምም፣ ላንቺ ግን ይበቃል። ብርዱንም ይችለዋል። የሚያስቸግርሽ ውሃው ነው። ጁላይና ኦገስት ላይ በየቀኑ ካላጠጣሽ ቅጠሉ ይጠቀለላል። ከተወሰኑ ዓመታት በኋላ ገንዳው በሥር ይጠቀጠቃል፣ ያኔ አውጥተሽ በመጋዝ ትከፍዪዋለሽ።

ፋርጌዚያ እውነት ነው አይሮጥም፣ በቦታው ነው የሚሰበሰበው። ለቀዝቃዛ አገር ግሩም ነው። እዚህ ግን የዋሽንግተን አካባቢ ሙቀት ያቃጥለዋል። ዴክሽ ከሰዓት በኋላ ጥላ ከሆነ ሩፋ የሚባለውን ሞክሪ፣ ሁለት ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ፀሐይ የሚመታው ከሆነ አይሆንም። ለአጥሩ ሥር ከቀለሙ መስመር ራቅ አድርገሽ አሜሪካን ሆሊ ልትተክዪ ትችያለሽ፣ ቅጠሉ ስለሚወጋ አጋዘን ብዙ አይደፍረውም። ዝግ ብሎ ነው የሚያድገው ግን።

ቨርጂኒያዊ፦

ገንዳው ከሆነ እኔም ተስማምቻለሁ። ለጎረቤቶችሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ገንዳ ውስጥ እንደሆነና እንደማይወጣ ካወቁ አይሰጉም።

የጓሮ አበባ፦

ዴኩ ከሰዓት ፀሐይ ነው፣ ስለዚህ ባለ ቢጫ ቦዩን በገንዳ አደርጋለሁ። ከሰውየው ግቢ ስቆፍር የትኛውን ክፍል ነው የምወስደው? አገዳውን ብቻ ቆርጬ ብተክል አይበቅልም?

አካፋና ዶማ፦

አገዳ ብቻውን አይበቅልም። አገዳ ከነመሬት ውስጥ ግንዱ ያስፈልግሻል። ማርች ላይ ሂጂ፣ ቡቃያው ሳይወጣ። ከዳር በኩል ያለውን ምረጪ፣ ዳሩ ላይ ያለው ወጣት ነው። ወጣት የሚባለው የመሬት ውስጥ ግንድ ቀለሙ ነጣ ያለ ቢጫ ነው፣ በየአንጓው ላይ የተሳለ እምቡጥ አለው። የጠቆረውንና እምቡጥ የሌለውን ተዪ። ሁለት ሦስት አገዳ የያዘ፣ ግንዱ ቢያንስ ግማሽ ሜትር የሆነ፣ ከነአፈሩ አንሺ። በሹል አካፋ ይቆረጣል፣ ካልሆነ አሮጌ መጋዝ ያዢ፣ አዲሱን መጋዝ አፈሩ ያበላሸዋል። አገዳዎቹን ከላይ አንድ ሦስተኛ ያህል ቁረጪላቸው፣ ሥሩ የተጎዳ ስለሆነ ሁሉንም ቅጠል መመገብ አይችልም። በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለሽ በዚያው ቀን ትከዪ፣ ፀሐይ ላይ መኪና ውስጥ አታቆዪው። የተረፈውን ቁራጭ ግንድ ደግሞ ኮምፖስት ውስጥ አትጨምሪ፣ አንጓ ያለው ሁሉ ሊበቅል ይችላል። አስፋልት ላይ ዘርግተሽ ኩምሽሽ እስኪል አድርቂውና ከቆሻሻ ጋር አውጪው።